የዝግባ አምባዋ እትዬ ከድጃ

እትዬ ከድጃ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሰነበቱ በኋላ ነው። ብቸና ገበያ በርበሬ እየመረጥኩ ሳለ ከሞጣ የመጣ አንድ ነጋዴ አጠገቤ ቆሞ ለጓደኛው ስለ መንገዱ ያወራ ነበር፤ መኪና የት የት ላይ እንደሚያስቆሙ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ተገትረው እንደ ሰነበቱ፣ የጨው ዋጋ የት እንደ ደረሰ። በወሬው መሃል፣ «የጋሽ ሰይድ እኅትም ሞተች እኮ፤ ያቺ ጨርቅ መደብሩ የምትቀመጠው» አለ። በርበሬውን ትቼ ዞርኩና የትኛዋ እኅታቸው እንደሆነች ጠየቅኩት። «ትልቋ ናት። ድሮ ገጠር ታስተምር ነበር ይላሉ። ዘመድሽ ናት?» አለኝ። አስተማሪዬ እንደ ነበሩ ነገርኩት። «አላህ ይርሐማት፤ አንቺንም ያጽናሽ» ብሎ ወደ ጨው ወሬው ተመለሰ።

ከብቸና ሞጣ በደህናው ዘመን እዚህ ቁርስ ተበልቶ ለምሳ የሚደረስበት አገር ነበር። ዛሬ ግን ስልኩ ይጠፋል፣ መንገዱ ይዘጋል፤ የአንዱ ከተማ ሞት ሌላው ከተማ የሚደርሰው እንደ ጥንቱ በነጋዴ አፍ ነው። በእስልምናው ሥርዓት ሬሳ አይሰነብትምና በዕለቱ ቀብረዋቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ሲቀበሩ ካስተማሯቸው የዝግባ አምባ ልጆች አንድም ሰው አልነበረም።

ዝግባ አምባ ከብቸና ማለዳ በእግሩ የወጣ ሰው ፀሐይ ሳትበረታ የሚደርስባት መንደር ናት። ዝግባ የሚባለውን ዛፍ እኔ አላየሁባትም፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቷ በጭቃ የተመረገች፣ ቆርቆሮ የለበሰች ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነበረች። የምንቀመጠው ግንድ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮኽ ትምህርት ይቆማል፤ እስኪያባራ ድረስ አስተማሪና ተማሪ ተያይተን እንቀመጣለን።

እትዬ ከድጃ እዚያ ሲመደቡ እኔ ገና ጡት አልተውኩም ነበር። አመጣጣቸውን የነገሩኝ ቤታቸው ያስገቧቸው ባልቴት፣ እማማ አንጓች ናቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሻንጣ የያዘች አንዲት ቀጭን ልጅ አስከትሎ «አስተማሪ መጥታለች፤ ማን ያስጠጋልኛል?» እያለ በየደጁ ሲዞር፣ ሰው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ ምክንያት አበጀ። ልጅቷ የሞጣ እስላም ናት። ከሞጣ ነጋዴ ጋር ገበያ ላይ መገበያየት ሌላ፣ ከአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ሌላ። ድስቱስ? ሥጋውስ? እማማ አንጓች ግን ወደ ሰማዩ ቀና ብለው አዩና «ዝናብ እየመጣ ነው፤ ትግባ» አሉ። ያሰቡት ለአንድ ሌሊት ነበር። ሁለቱ ሴቶች አብረው አረጁ።

ሥጋ አብረው በልተው አያውቁም። ለፋሲካ መንደሩ ሲያርድ ለእትዬ ከድጃ የሚሰጣቸው ነፍሱ ያልወጣ ዶሮ ነበር፤ እሱን ታቅፈው ብቸና ይሄዱና ከእስላም ነጋዴዎች አንዱ ያርድላቸዋል። ማንም ማንንም አልተቀየመም። ሽሮውንና ጎመኑን ግን ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። በረመዳን ጀንበሯን ደጅ ወጥተው የሚጠብቁት እማማ አንጓች ነበሩ። በእጃቸው ዓይናቸውን ከልለው ይቆዩና፣ «ገባች፤ ብዪ እንግዲህ» ይሏቸዋል። እትዬ ከድጃም ሁዳዴ ሲገባ እንቁላል እንኳ እዚያ ቤት አይቀቅሉም ነበር።

አንደኛ ክፍል የገባሁ ዕለት የእያንዳንዳችንን ስም በጠመኔ መዳፋችን ላይ ጻፉልን። እንዳይጠፋብን እጃችንን ዘርግተን፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቀን ይዘነው ወደየቤታችን ሄድን። አባቴ ፊደል የማያውቅ ገበሬ ነው። መዳፌን ወደ ብርሃን አዙሮ ብዙ ካየ በኋላ «ይኼ አንቺ ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እጄን ቶሎ አልለቀቀውም።

እትዬ ከድጃ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ክፍሉ ሲንጫጫ እሳቸው ዝቅ ይላሉ፤ ሲብስብን ይበልጥ ዝቅ ይላሉ፤ በመጨረሻ ምን እንዳሉ ለመስማት ራሳችን ዝም እንላለን። ሌሎቹ አስተማሪዎች በልምጭ ነበር የሚያስተምሩት። አንድ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ተማሪ ካልተጮኸበት እንደማይፈራ ሲመክራቸው፣ «ጩኸት ለገበያ ነው። እኔ ገበያ መሃል ያደግሁ ነኝ፤ ጠግቤው ነው የመጣሁት» ብለው መለሱለት። ሌላም የሚሉት ነበራቸው። እኔ አስተማሪ ሆኜ አጠገባቸው በቆምኩ ጊዜ በመጀመሪያ የነገሩኝ እሱን ነው፦ «የራበው ልጅ ደንቆሮ ይመስላል። እንዳትሳሳቺ።» ጧት ልጆቹ ሲገቡ ፊታቸውን ሳይሆን ከንፈራቸውን ነበር የሚያዩት። ከንፈሩ የደረቀውን ልጅ ጥያቄ አይጠይቁትም፤ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ፀሐይ ከምትገባበት ላይ ያስቀምጡታል።

ከእኛ ክፍል ትልቁ ተስፋቸው ብርቱካን ነበረች። ብርቱካን ከእኔ ጋር አንድ ግንድ ላይ ነው የምትቀመጠው። እኔ አንዱን ገጽ በጣቴ እየተከተልኩ ስጨርስ እሷ ሦስተኛው ላይ ናት። እትዬ ከድጃ የራሳቸውን መጻሕፍት ከሞጣ እያመጡ ያውሷት ነበር። አምስተኛ ክፍል ስንደርስ ልትዳር ነው የሚል ወሬ መጣ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር።

እትዬ ከድጃ ሊቀመንበሩንና ሁለት ሽማግሌ ይዘው ወደ አባቷ ቤት ሄዱ። የብርቱካን አባት በልጅነቱ ቅኔ ቤት የዋለ፣ ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። ለምነው ለምነው ሲደክሙ፣ «እንግዲህ ይህን ያህል ከደከሙልኝ፣ እኔ ልጄን ሰጥቻለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ነገር ሐሳብ አይግባዎ» አላቸው። እትዬ ከድጃ ልጅቷን ለትምህርት የሰጠ መስሏቸው አመስግነውት ወጡ። አብረዋቸው የነበሩት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ፤ እነሱ ለማን እንደሰጣት ገብቷቸዋል። ሠርጉ ሌላ ቀበሌ፣ የሙሽራው አጎት ቤት ተደገሰ። ሰኞ ብርቱካን አልመጣችም።

የዚያን ዕለት እትዬ ከድጃ ሰሌዳው ላይ የዕለቱን ርዕስ ጻፉና ሊያነቡት ዞሩና ተዉት። ወደ ውጭ ወጡ። ተመልሰው ሲገቡ ፊታቸውን ታጥበዋል። ርዕሱን አንብበው ትምህርቱን ቀጠሉ። ብዙ ዘመን ቆይቶ ስለዚያ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ አንስተውልኝ ያውቃሉ። «እኔ ሰሙን ይዤ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ወርቁ ግን ሌላ ቤት ገብቶ ነበር» አሉኝ።

እኔ የተረፍኩት በአባቴ ነው። ብቸና ተከራይቼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ እየተቀበልኩ፣ አሥረኛ ክፍልን ጨረስኩ። ውጤቱ ሲመጣ ደብረ ማርቆስ ለአስተማሪነት ሥልጠና ደረሰኝ። ደስታዬን ይዤ በቀጥታ የሄድኩት ወደ እትዬ ከድጃ ነው። ከእማማ አንጓች ደጃፍ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ነገርኳቸው። እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ።

«ሌላ ምንም አልደረሰሽም?»

«እኔ የምፈልገው አስተማሪ መሆን ነው፤ እንደ እርስዎ።»

«እንደ እኔ» አሉና ምስሩን መልቀም ቀጠሉ።

በሳምንቱ አባቴን አስፈቅደው ሞጣ ወሰዱኝ። ወንድማቸው ጋሽ ሰይድ ከአባታቸው የወረሱት የጨርቅ መደብር አላቸው። እትዬ ከድጃ እኔን ከፊታቸው አቁመው ልጅቷ ጎበዝ እንደሆነች፣ ሒሳብ እንደማትሳሳት፣ እዚያው ተቀጥራ እንድትቀር እንደሚፈልጉ ነገሯቸው። ጋሽ ሰይድ ሳቁ። «አንቺን አጥተን፣ ምትክሽን አመጣሽልን» አሏቸው።

ክረምቱን ሞጣ ከረምኩ። ጣቃ መዘርጋት፣ በሜትር መለካት፣ ጨርቁን ሳያዛንፉ መቁረጥ ተማርኩ። ፍልሰታ ሲገባ የጋሽ ሰይድ ሚስት የጾም ወጥ ለብቻ ትሠራልኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ደክሟት አልተወችውም። ጋሽ ሰይድ ገበያው ሲቀዘቅዝ ስለ እኅታቸው ያወሩኛል። ከልጆቹ ሁሉ ጨርቅ በእጇ ዳስሳ ከየት እንደመጣ የምታውቀው እሷ ነበረች አሉ። ገጠር ላስተምር ብላ የተነሳች ጊዜ አባታቸው ሦስት ቀን አኩርፈው፣ በአራተኛው ቀን ራሳቸው ሻንጣዋን መናኸሪያ ድረስ ተሸክመውላታል። ቆይቶ ባል መጣላት፤ ሞጣ ግቢ አላት፤ ልጆቹን ትቼ አልመጣም አለችው። «እዚያ ምን እንዳገኘች እስከ ዛሬ አልገባኝም» ይሉ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ እትዬ ከድጃ መጡ።

«ለመድሽው?»

«ለመድኩት።»

«ታዲያ?»

«እሄዳለሁ፣ እትዬ።»

ቀና ብለው ጣቃዎቹን አንድ በአንድ አዩ። «እንግዲህ አልመከሩኝም እንዳትዪ» አሉኝና የደብረ ማርቆስ መሳፈሪያዬን ራሳቸው ከፈሉ።

ሥልጠናዬን ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብኩት ወደ የጁቤ በኩል ነበር፤ ከዚያ ለምኜ ዝግባ አምባ ተዛወርኩ። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቷ አድጋለች። ገበሬው ድንጋይ ተሸክሞ አዲስ ክፍሎች ሠርቷል፤ ጠረጴዛና ወንበር ገብቷል፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። የመምህራኑ ክፍል ስገባ እትዬ ከድጃ ተነስተው አቀፉኝ፤ እኔ ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። ቀስ ብለው በጆሮዬ «ምነው ልጄ?» አሉኝ።

ዓመታት ከጎን ለጎን ክፍል አስተማርን። በግድግዳው በኩል የእሳቸው ክፍል ጸጥታ ይሰማኛል፤ የኔው ሁልጊዜ ጫጫታ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ አብረን ስንሄድ ያን ክረምት ለምን ሞጣ እንደወሰዱኝ ጠየቅኳቸው። ሥራው ክፉ ስለሆነ ነው ወይ አልኳቸው።

«ክፉስ አይደለም» አሉኝ። «ክፉ ቢሆን ትተሽው ትሄጃለሽ። አስተማሪ ማለት አሳድጋ በልጇ የማታዝ እናት ማለት ነው። ልጁን ታውቂዋለሽ፤ ከአባቱ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። ይሆናል የምትዪውን ታይዋለሽ። ከዚያ አንድ ቀን ይመጡና ይወስዱታል፤ ለማረሻ ይሁን፣ ለባል ይሁን፣ ለስደት ይሁን፣ አንቺን የሚጠይቅሽ የለም። እኔ ይኼን አንቺ እንድታዪው አልፈለግሁም። ጨርቅ ከተቆረጠ በኋላ የት እንደገባ አያሳስብሽም።»

ብርቱካንን ያኔም እናገኛት ነበር። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ተመልሰው ዝግባ አምባ ጎጆ ወጥተው ነበር። ልጆቿን ሁሉ ትምህርት ቤት ታስገባለች። ትንሿ ሰላም አንደኛ ክፍል የገባች ዕለት ብርቱካን ራሷ ይዛት መጥታ፣ እትዬ ከድጃ እጅ ውስጥ እጇን አስቀመጠችላቸው። ሰላም የእናቷ ግልባጭ ናት። እትዬ ከድጃ ያን ዓመት ደስ ብሏቸው አየኋቸው። ስለ ሰላም ሲያወሩ ይጀምሩና፣ እንደ ፈራ ሰው ያቋርጡታል።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ዝግባ አምባ አንዱ ሲገባባት ሌላው ሲወጣባት፣ ከጊዜ በኋላ ትምህርት ቤቷ ሰው ያድርባት ጀመር። ወንበሮቹ ማገዶ ሆኑ። ቆርቆሮው አንድ በአንድ ተነቀለ፤ ማን እንደወሰደው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። አስተማሪው ሁሉ ወደየመጣበት ሄደ። እኔም ትዳሬ ብቸና ነውና ወደዚያው ገባሁ። እትዬ ከድጃ ግን አልሄዱም። እማማ አንጓች ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ማን ያጎርሳቸዋል? ጋሽ ሰይድ ደጋግመው ቢልኩባቸውም፣ «ስገባ ዝናብ ነው ብላ ያስገባችኝን ሴት ዝናብ ሲመጣ ትቼ አልወጣም» ብለው መለሱ።

ተኩሱ ጋብ ባለ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ማልጄ ነበር የደረስኩት። አንዲት ልጅ ጀሪካን ይዛ ስትገባ አየሁ፤ ቀጥሎ ሌላ ልጅ፤ ቀጥሎ ሌላ። ከውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። ስገባ ልጆቹ የእማማ አንጓችን አልጋ ከበው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ እትዬ ከድጃ በሹክሹክታ ያስነብቧቸዋል። እማማ አንጓች ተኝተው ወደ ጣሪያው እያዩ ከልጆቹ ጋር ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ልጆቹ በየመንገዱ ለሚጠይቃቸው ሰው ለአሮጊቷ ውኃ ልንቀዳ ነው ይላሉ።

ያን ጊዜ በየመንደሩ ሁለት ዓይነት ፍርሃት ነበር። ያስተማረ፣ ልጁን ያስተማረ፣ በአንዱ ዘንድ ይጠየቃል። ያላስተማረ በሌላው ዘንድ ይጠየቃል። ሰው የቱን መፍራት እንዳለበት አያውቅም ነበር።

እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ ብርቱካን መጣች። ልጆቹን ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ ከመሃላቸው የተቀመጠችውን ሰላምንም አላየቻትም። ነጠላዋን አደግድጋ እትዬ ከድጃ እግር ላይ ወደቀች። እሳቸው ሊያነሷት ቢሞክሩ አልነሳም አለች። ትናንት ሰዎች ቤቷ መጥተው፣ ጀሪካን ይዛ ወጥታ ያለ ውኃ የምትመለሰው ልጅ የማን ናት ብለው እንደጠየቁ ነገረቻቸው። ባሏን ወደ ጓሮ ወስደው ብዙ አቆይተውታል። ሲመለስ ምን እንዳሉት አልነገራትም።

«እትዬ» አለች መሬት መሬቱን እያየች፣ «እንዴት እንደምወድዎ ያውቃሉ። ፊደል የቆጠርኩት በእርስዎ ነው። ግን እባክዎ ይተውልኝ። ሰላም መሃይም ሆና ትኑርልኝ።»

እትዬ ከድጃ ብርቱካንን ከላይ ሆነው አዩዋት፤ የኋላ ፀጉሯን፣ አንገቷን። እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ።

«እኔም ብሆን ይኼንኑ ነበር የምለው» አሏት። «ተነሺ። ልክ ነሽ።»

ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። ዛሬ በቃን፣ ከነገ ጀምሮ አትምጡ አሏቸው። ሲወጡም ጀሪካኑን ሁሉም ከምንጭ ሞልተው እንዲመለሱ አዘዟቸው፤ ያየ ሰው ውኃ ይዘው እንዲያያቸው። ልጆቹ ወጡ። እናትና ልጅ ተያይዘው ወጡ። እትዬ ከድጃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እማማ አንጓች «ሄዱ?» አሉ። «ሄዱ፣ እማማ» አሏቸው።

እማማ አንጓች በዚያ ክረምት አረፉ። ሲቀበሩ እትዬ ከድጃ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ቆመው ተሰናበቷቸው። ለሰልስቱ የመጣውን ሰው እንደ ልጅ ሆነው አስተናገዱ። ከዚያ ያችኑ ሻንጣ ይዘው ሞጣ ገቡ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከዚያ ወዲያ ያየኋቸው። መንገዱ ለጥቂት ሳምንት ሲከፈት ሞጣ ወረድኩ። መደብሩ ውስጥ፣ ከጣቃዎቹ ሥር ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ስኳር አለባቸው፤ መድኃኒቱ አንድ ወር ይገኛል፣ ሁለት ወር ይጠፋል። ስሜን ጠርተው አቀፉኝ፤ ቢሆንም ዓይናቸው ወደ ደንበኛው ነበር። አንዲት ሴት ለልጇ ልብስ ጨርቅ ልትቆርጥ መጥታ የልጇን ቁመት በእጇ ስታሳያቸው፣ «ዕድሜው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ስምንት ዓመቱ ነው አለች። ስንተኛ ክፍል ነው ብለው አልጠየቁም። ሜትሩን እንደ ያዙ ቆሙ፤ ሴትየዋ ነች «እትዬ፣ አይቆርጡልኝም?» ያለቻቸው።

ብቻችንን ስንቀር፣ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ይመለሱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እኔ እንኳ ያልኩት ለማጽናናት ነበር።

«ሲከፈት የሚገቡት ሌሎች ልጆች ናቸው» አሉኝ። «የእኔዎቹ አለፉ። መሬት ጦሙን ቢያድር ለከርሞ ይዘራል፤ ጦሙን ያደረ ልጅ ግን ከርሞ የለውም።»

ጨርቁን አብረን አጣጠፍን። ከመለየታችን በፊት እንዲህ አሉኝ፤ «ያን ጊዜ አስተማሪ አትሁኚ ያልኩሽ ለአንቺ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ለራሴም ነው። አንድ ሰው እንኳ ከዚያ ትምህርት ቤት ሳያዝን ይውጣልኝ ብዬ ነበር።»

የሞታቸውን ወሬ ከሰማሁ በኋላ መንገዱ ለጥቂት ቀን ተከፈተልኝና ለቅሶ ደረስኩ። ጋሽ ሰይድ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል። መድኃኒቱ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ጠብቃ ነበር አሉኝ፤ መጣም፣ ግን ዘገየ። ሰው እየገባ ይቀመጣል፤ ዱዓ ያደርጋል፤ ይወጣል። የሚያውቋቸው ሁሉ የሚያወሩት ጨርቅ ሲለኩ አንድ ጣት እንኳ እንደማያጎድሉ ነው። ጋሽ ሰይድ ሰው ሲቀንስ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ያንኑ የጥንቱን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ያን ያህል ዘመን እኛን ትታ እዚያ ምን ነበራት አሉኝ።

ልነግራቸው ጀመርኩ። ስማችንን መዳፋችን ላይ እንደጻፉልን፣ የራበውን ልጅ ፀሐይ ላይ እንደሚያስቀምጡት ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ትምህርት ቤቱ አለ?» አሉኝ።

«ፈርሷል።»

«ልጆቹስ?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ። ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «አላህ ያውቃል» አሉና ለሚገባው እንግዳ ቦታ ሊያሳዩ ተነሱ።

ስመለስ ብቸና ሳልውል ዝግባ አምባ ወጣሁ። ሞታቸውን ለብርቱካን መንገር የሚገባኝ እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ሰምታለች። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። አብረን አለቀስን፤ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። ኋላ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ሌላ የምትነግረኝ ነገር እንዳለ አለች። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰላምን ልትድር ነው። ወንድየው አገሩ ከጉንደ ወይን በላይ ነው፤ ደህና ከብት አለው። በዚህ ጊዜ ልጃገረድ ቤት ውስጥ ይዞ ማደር ያስፈራል አለችኝ። መንገድ ላይ የሆነውን፣ በጎረቤት ልጅ የደረሰውን ነገረችኝ። ሁሉም እውነት ነው። አባቷ ለእትዬ ከድጃ እንደተናገረው በነገር አልሸፈነችውም፤ ፊት ለፊት እያየችኝ ነው የነገረችኝ። አንድም ቦታ ላይ ተሳስተሻል የምላት ነገር አላገኘሁባትም።

ሰላምን ጠራቻት። ልጅቷ ከጓዳ ወጣች፤ ቁመቷ አድጓል፣ ፊቷ ግን ያው የልጅ ነው። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች።

«አስተማሪዋም ነሽ፤ እሳቸውም የሉ» አለችኝ ብርቱካን። «መርቂያት።»

ሰላም ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። እትዬ ከድጃ ቢሆኑ ምን እንደሚሉ አሰብኩ፤ የሚሉት ሁሉ ደግሞ ከዚህ በፊት ተብሎ አልቆ ነበር። ራሷ ላይ እጄን አደረግሁ።

«ወልደሽ ሳሚ» አልኳት።

«አሜን» አለች።